ዓሣው በመጨረሻ ይግባ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ ተክል ስለሚበቅልበት ትልቅ አኳሪየም። ከጽሕፈት ጠረጴዛዬ በስተግራ 540 ሊትር የሚይዝ ገንዳ አለኝ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ይህን ዓምድ የምጽፈው እሱን እያየሁ ስለሆነ፣ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ብመልስ እንደማትቀየሙኝ ተስፋ አለኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ርዝመቱ 150፣ ወርዱ 60፣ ቁመቱም 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት ገንዳ ገዝቻለሁ። ቤታችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጆቼ እንቅልፍ አጥተዋል። ዓሣዎቹን ቅዳሜ ላመጣላቸው ቃል ገብቻለሁ። አሸዋ፣ ድንጋይና አንድ ትልቅ ጉቶ አለኝ። ከየት ልጀምር?
የሦስት ልጆች አባት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቅዳሜን ይተዉት። ልጆቹ ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ። ግን ቅዳሜ ዓሣ ቢያስገቡ፣ በሳምንቱ የሚያዩት የሞተ ዓሣ ነው። ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ። እስከዚያ ልጆቹ የሚያግዙበት ብዙ ሥራ አለ።

መጀመሪያ ወለሉ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። የእርስዎም ገንዳ ሲሞላ እንደኔው 540 ሊትር ነው። መስታወቱ ብቻውን 100 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አፈርና ድንጋይ ሲጨመርበት ጠቅላላው ወደ 700 ኪሎ ይደርሳል፤ መቆሚያውን ሳንቆጥር። አሥር ትልልቅ ሰዎች አንድ ካሬ ሜትር በማይሞላ ቦታ ላይ ተጠጋግተው፣ ለዓመታት ከዚያ ሳይነሱ ማለት ነው። ወለሉ ይችለዋል ብሎ መገመት አይበቃም። ሕንፃ የሚያውቅ መሐንዲስ ይጠይቁ። ከክፍሉ መሀል ይልቅ ሸክም የሚችል ግድግዳ አጠገብ ይሻላል። ወለሉ የእንጨት ከሆነ፣ ገንዳው ወለሉን ከተሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች አንዱ ላይ ብቻ እንዳያርፍ፣ እንጨቶቹን አቋርጦ ይቀመጥ። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው መስኮት አጠገብ ግን አያድርጉት።

ከዚያ ውሃ ልክ ይያዙ። መቆሚያውን በርዝመቱም፣ በወርዱም፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘንም ይለኩት። ውሃው የፊት ለፊቱን መስታወት ብቻ ወደ ውጭ የሚገፋበት ኃይል የ270 ኪሎ ክብደት ያህል ነው። መቆሚያው ከተጣመመ መስታወቱም አብሮ ይጠማዘዛል። የሚሸነፈው ደግሞ ያጣበቀው ሲሊኮን ነው። እኔ የመጀመሪያውን ገንዳዬን በዓይኔ ለክቼ ነበር ያቆምኩት። ሞልቼ ስጨርስ የግራው ውሃ ከቀኙ በአንድ ጣት ይበልጣል። የተከልኩትን ሁሉ ነቅዬ፣ ውሃውን በባልዲ ቀድቼ ጨረስኩ። እርስዎ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው። በመቆሚያውና በገንዳው መካከል ስስ ስፖንጅ ያንጥፉ፤ አምራቹ የከለከለው ዓይነት ካልሆነ በስተቀር። የኤሌክትሪክ ገመዶቹም ወደ ሶኬቱ ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች ረግበው ይመለሱ። በገመዱ ላይ የሚወርድ ውሃ ከዚያ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ጠብ ይላል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስኩ። ገንዳው ውስጥ አንድም ድንጋይ ከማስገባትዎ በፊት ወለል ላይ 150 በ60 የሆነ ቦታ በፕላስተር ያስምሩ። ላስቲክ ዘርግተው አሸዋ ያፍስሱበት። ድንጋዮቹንና ጉቶውን ከልጆችዎ ጋር እያነሱ እያስቀመጡ ይሞክሩ። እኔ ይህን ለሁለት ሳምንት አድርጌያለሁ። በየማታው አንድ ድንጋይ አዞርና በስልኬ ፎቶ አነሳዋለሁ። ጠዋት ፎቶውን ሳየው ማታ ያልታየኝ ጉድለት ይታየኛል።

ትልቁን ድንጋይ ልክ መሀል ላይ አያድርጉት። ርዝመቱን ለሦስት ይክፈሉና አንዱ ክፍል የሚያልቅበት ቦታ ላይ ያቁሙት። ዓይን እዚያ ያርፋል፣ ከዚያም ይጓዛል። ድንጋዮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁኑ። ላያቸው ላይ ያለው መስመርም ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘንብል። ወንዝ ዳር ያለ ድንጋይ ውሃው እየገፋ ነውና የሚያስተኛው፣ እያንዳንዱ ወደየራሱ ከዞረ ሰው የደረደረው መሆኑ ወዲያው ያስታውቃል። ኢዋጉሚ የሚባለው የጃፓኖች አደራደር ከዚህ የተነሣ ነው። ድንጋዮቹ ብዛታቸው ጎደሎ ቁጥር ነው፤ 3፣ 5 ወይም 7። ከሁሉ የሚበልጠውን ኦያኢሺ ይሉታል፤ ሌሎቹ እሱን ያጅባሉ።

ጥልቀት የሚሰጠው ግን ቁልቁለቱ ነው። አፈሩ ከፊት 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ከኋላ 15 ይሁን። ከዚያም በላይ ቢሆን አይጎዳም። ትልልቁን ድንጋይ ከፊት፣ ትንንሹን ከኋላ ያድርጉ። በመካከል የአሸዋ መንገድ ካወጡ ፊት ሰፊ ሆኖ ወደ ኋላ እየጠበበ ይሂድ። 60 ሳንቲ ሜትሩ ገደል ያለው ሸለቆ ይመስላል። ከባዱን ድንጋይ አሸዋ ላይ አያስቀምጡት። አሸዋ ከሥሩ ይሸሻል፤ ድንጋዩ ሲንሸራተት መስታወቱን ይመታል። ታችኛው መስታወት ላይ ስስ ላስቲክ አንጥፈው፣ ድንጋዩን በዚያ ላይ አቁመው፣ አፈሩን ዙሪያውን ይሙሉ።

ድንጋዩን በአቼቶ ይፈትኑት። ጠብ ሲያደርጉበት አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፤ ውሃውን ቀስ በቀስ ያጠነክረዋል፣ ማለትም ማዕድን ያበዛበታል። ጉቶው ይንሳፈፋል። ለሳምንታት በበርሜል ዘፍዝፈው፣ ውሃውን እየቀየሩ ያቆዩት። ውሃው ሻይ ቢመስል አይደንግጡ፤ ጎጂ አይደለም። ገንዳ ከገባ በኋላ ነጭ ዝልግልግ ነገር ቢያወጣም በራሱ ጊዜ ይጠፋል።

አሸዋ አለኝ ብለዋል። አሸዋ ያምራል እንጂ ተክል አይመግብም። ተክል ለሚቆምበት ቦታ ለውሃ ተክል የተዘጋጀ አፈር ያድርጉ፤ አሸዋውን ለመንገዱ ያቆዩት። አፈሩን በትንሽ ውሃ አርጥበው፣ ገንዳው ገና ሳይሞላ ይትከሉ። ረጅም ወረንጦ ይያዙ። ችግኙን ትንሽ አዘንብለው ያስገቡት፤ ቀጥ ካደረጉት ተመልሶ ይወጣል። እባክዎ ከመጀመሪያው ቀን ብዙ ይትከሉ። ባዶ መሬት የአልጌ መሬት ነው፤ አልጌ የምለው መስታወቱንና ቅጠሉን የሚሸፍነውን አረንጓዴ ነገር ነው። ቶሎ የሚያድጉት እንደ ሮታላና ቫሊስኔሪያ ያሉት ከኋላ ይሁኑ። አጫጭሮቹ ከፊት። ሲጨርሱ አፈሩ ላይ ሰፊ ሳህን አድርገው ውሃውን በዚያ ላይ ቀስ ብለው ያፍስሱ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለው ማስወገጃ መድኃኒት ይጨምሩ። ክሎሪን አንድ ቀን ክፍት ሲያድር ይበናል ይባላል፤ ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር የተዋሃደበት ክሎራሚን ከሆነ ግን አይበንም።

አሁን ወደ ቅዳሜው። ዓሣ ከስንጥቡም ከኩሱም አሞኒያ ያወጣል። አሞኒያ ያንኑ ስንጥቡን ያቃጥላል። አሮጌ ገንዳ ውስጥ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ። ናይትራይትም መርዝ ነው። እሱን ደግሞ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትሬት ያደርጉታል። ናይትሬትን መጠኑ ካልበዛ ዓሣ ይችለዋል፤ ተክልም ይመገበዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ማጣሪያው ስፖንጅ ላይ፣ አፈሩ ላይ፣ ድንጋዩ ላይ ቤት እስኪሠሩ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። አዲስ አፈር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራሱ አሞኒያ ስለሚያወጣ ለእነሱ ስንቅ ይሆናቸዋል። ማጣሪያውን ቀንና ሌሊት አያጥፉት። ጤነኛ ገንዳ ያለው ወዳጅ ካለዎት ከማጣሪያው ቁራጭ ስፖንጅ ይለምኑ፤ ጊዜውን በጣም ያሳጥርልዎታል። የውሃ መመርመሪያ ይግዙ። አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ ሲሆኑና ዜሮ ሆነው ሲሰነብቱ፣ ያኔ ጥቂት ዓሣ ያስገቡ። ሁሉንም በአንድ ቀን አይደለም።

ለልጆቹ ይህን ይንገሯቸው። ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን ኬሚስት በ1850 ሁለት ወርቃማ ዓሣና ቫሊስኔሪያ በአንድ ዕቃ ውስጥ አብሮ እንዴት እንዳኖረ ለኬሚስቶች ማኅበር አስረዳ። ተክሉ ለዓሣው ኦክሲጅን ይሰጣል። ዓሣው ለተክሉ ምግብ ይሰጣል። ግን የሚሞቱት ቅጠሎች እየበሰበሱ ውሃውን አደፈረሱበት። ያን ጊዜ ቀንድ አውጣ ጨመረበት፤ ቀንድ አውጣው የበሰበሰውን በላ፣ ውሃውም ጠራ። እርስዎ አሁን የሚሠሩት ያንኑ ነው። ልጆቹ በየቀኑ ውሃውን ይመርምሩ፣ ቁጥሩን ግድግዳ ላይ ይጻፉ። ናይትራይቱ ወጥቶ ሲወርድ ማየት ለልጅ ከዓሣ አያንስም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ 16 ዓመቴ ነው። ባጠራቀምኩት ገንዘብ ተክል ገዝቼ ነበር። በአሥር ቀን ውስጥ ቅጠሉ ሁሉ ሟሟ። እማዬ «ጣይው፣ ሸተተ» አለችኝ። አንዱ ወፍራም ግንድ ያለውም ሥሩ በሰበሰ። ምን አጠፋሁ?
ያዘነችው

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ምንም አላጠፋሽም። እንዳትጥይው። አብዛኛው የሚሸጥ የውሃ ተክል ያደገው ከውሃ በላይ፣ እርጥብ አየር ውስጥ ነው። ያ ቅጠል ለአየር የተሠራ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ተክሉ ይጥለውና ለውሃ የሚሆን አዲስ ቅጠል ያወጣል። ክሪፕቶኮሪን የሚባለው ደግሞ ቦታ በተቀየረ ቁጥር እንዲህ ነው የሚያደርገው። የሟሟውን ቅጠል በመቀስ ቆርጠሽ አውጪ፤ ለእማማ ሽታውም ይቀርላታል። ከዚያ ሥሩን በጣትሽ ዳሰስ አድርጊው። ጠንካራ ከሆነ በሕይወት አለ። ሦስት ሳምንት ጠብቂ።

ወፍራም ግንድ ያለው አኑቢያስ ሳይሆን አይቀርም። እሱ አፈር ውስጥ አይቀበርም። የምዕራብ አፍሪካ ተክል ነው፤ ወንዝ ዳር ድንጋይና እንጨት ላይ ተጣብቆ ነው የሚያድገው። አግድም የሚሄደው ወፍራም ግንዱ ከተቀበረ ይበሰብሳል። የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ድረስ ቆርጠሽ፣ የቀረውን በክር ድንጋይ ላይ እሰሪው። ከሁለት ቅጠል ተነሥቶ ቁጥቋጦ የሆነ አኑቢያስ እኔ ጋ አለ። ጃቫ ፈርን የሚባለውም እንደሱ ነው፤ እንዳትቀብሪው።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ተከራክረን መስማማት አቃተን። እሱ «ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለው ሲሊንደር ካልተገጠመ ተክል አያድግም» ይላል። እኔ ጋዝ ቤት ውስጥ አልፈልግም። ዳኚን።
ባልና ሚስት

መልስ፦ የሚወስነው የተክሉ ዓይነት ነው። አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርን፣ ክሪፕቶኮሪን፣ ቫሊስኔሪያና ሞስ ያለ ጋዝ ያድጋሉ። ቀስ ብለው ነው፤ ግን ያድጋሉ። ለመጀመሪያ ገንዳችሁ እኔ የምመርጥላችሁ ይኼንን ነው። መብራቱም ለዘብ ያለ ይሁን። መሬቱን እንደ ምንጣፍ የሚሸፍን ደቃቅ ቅጠልና ደማቅ ቀይ ተክል ከፈለጋችሁ ግን ወንድሜ እውነቱን ነው፤ ያለ ጋዝ አታገኙትም።

ከገጠማችሁት ጥንቃቄውን ከልብ ያዙልኝ። በሊትር ወደ 30 ሚሊ ግራም ነው የሚፈለገው። ቀለም የሚቀይር ትንሽ የመስታወት ጠቋሚ ገንዳው ውስጥ ይሰቀላል። ሰማያዊ ከሆነ ጋዙ አነሰ፣ አረንጓዴ ከሆነ በቂ ነው፣ ቢጫ ከሆነ በዛ። ግን ጠቋሚው ይዘገያል፤ አሁን የሚያሳየው ከአንድ ሁለት ሰዓት በፊት የነበረውን ነው። እኔ አንድ ምሽት ጠቋሚው ሰማያዊ ሆኖ ሳየው ጋዙን ጨመር አድርጌ ተኛሁ። ያኔ ጋዙን በሰዓቱ የሚዘጋ ኤሌክትሪክ ቫልቭ አልነበረኝም። ሌሊት ደግሞ ተክሎቹም ኦክሲጅን ይወስዳሉ እንጂ አይሰጡም። ጠዋት አሥራ አንድ ዓሣ ሞቶ፣ የቀሩት ውሃው ላይ አፋቸውን ከፍተው አገኘኋቸው። ዛሬም ሳስበው ይከብደኛል። ስለዚህ ቫልቩን በታይመር አድርጉት። ጋዙ መብራቱ ከሚበራበት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት በፊት ይከፈት፣ መብራቱ ከመጥፋቱ አንድ ሰዓት በፊት ይዘጋ። የማጣሪያው መውጫ የውሃውን ገጽ ያነቃንቅ። ማስተካከል ካለባችሁ ጠዋት፣ ቤት በምትውሉበት ቀን ብቻ ይሁን።

እህቴ፣ ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ በደንብ ከታሰረ፣ ጥሩ መቆጣጠሪያ ካለውና ክፍሉ አየር ካገኘ ያን ያህል አያስፈራም። ግን ሥጋት ከተሰማሽ ያለ ጋዝም የሚያምር ገንዳ አለ። የኔው ለአራት ዓመት ያለ ጋዝ ነው የኖረው።

ጥያቄ፦ ቅጠሎቼ ጠርዝ ላይ እንደ ጢም ያለ ጥቁር ነገር አበቀሉ። መስታወቱ አረንጓዴ ሆነ። መብራቱን ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ አበራለሁ፣ ማታ ስተኛ አጠፋለሁ። ለተክሎቹ ብርሃን እንዳይጎድልባቸው ብዬ ነው። የትኛውን መድኃኒት ልጠቀም?
የተቸገረ

መልስ፦ መድኃኒቱ መብራት ማጥፊያው ነው። ጠዋት ወጥተው ማታ እስኪተኙ ከ14 ሰዓት አያንስም። ታይመር ይግጠሙና ወደ 6 ሰዓት ያውርዱት። ለስድስት ሳምንት እንዲያ ይቆይ። ከዚያ ተክሎቹ ደህና ከሆኑ 7፣ ቢበዛ 8። ቤት የሚውሉት ማታ ብቻ ከሆነ ሰዓቱን ወደ ማታ ያድርጉት፤ ተክል ጠዋት ማታ ብሎ አይመርጥም።

ጢም የመሰለው ጥቁሩ አልጌ ብዙ ጊዜ የሚወደው አሮጌ ቅጠል፣ ቆሻሻ የተጠራቀመበት ውሃና ከፍ ዝቅ የሚል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የያዛቸውን ቅጠሎች አይዘኑላቸው፤ ቆርጠው ይጣሉ። በየሳምንቱ ግማሹን ውሃ ይቀይሩ። አዲሱ ውሃ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር ይቀራረብ። የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ እንዳያጥቡት፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይገድላቸዋል። ከገንዳው በቀዱት ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ያድርጉት፣ ይበቃዋል። ምግብም ይቀንሱ። ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ቶሎ አዳጊ ተክል ቢጨምሩ አልጌው የሚመገበውን ይሻማልዎታል።

አማኖ ሽሪምፕ የሚባለውንም ያስቡበት። ስሙን ያገኘው ከታካሺ አማኖ ነው። ጃፓናዊ ፎቶ አንሺ ነበር፤ በ1954 ተወልዶ በ2015 ያረፈ። ገንዳን እንደ ሜዳና እንደ ጫካ ማስዋብን ለዓለም ያስተማረ ሰው ነው። ሊዝበን ውስጥ የሠራው የመጨረሻው ታላቅ ሥራው ርዝመቱ 40 ሜትር ነው፣ የሚይዘውም 160,000 ሊትር። አልጌ የሚበላለትን ፍጥረት ሲፈልግ ነው ይህን ሽሪምፕ ያስለመደው። ለስላሳውን አልጌ ሲለቅሙ መዋል ነው ሥራቸው። ያደገውን ጥቁር ጢም ግን እምብዛም አይነኩትም፤ እሱን መቀስዎ ነው የሚጨርሰው።

ገንዳዎ ገና አዲስ ከሆነ ቡናማ አቧራ የመሰለም ያያሉ። እሱን ይጥረጉት እንጂ አይጨነቁበት፤ በሳምንታት ውስጥ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ለሦስት ሳምንት ከቤት ልርቅ ነው። ገንዳዬ 400 ሊትር፣ ተክሉ ጥቅጥቅ ያለ፣ 40 ኒዮን ቴትራ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች አሉት። ጎረቤቴ እመግብልሃለሁ ብላኛለች፤ ዓሣ ግን አርብታ አታውቅም። ምን ልንገራት?
መንገደኛው

መልስ፦ ከመሄድዎ ሁለት ቀን በፊት ውሃውን ይቀይሩ፣ ረጃጅሙን ተክል ይከርክሙ። በመሄጃዎ ቀን ምንም አዲስ ነገር አይንኩ። መብራቱ በታይመር ይሁን፤ ለሦስት ሳምንቱ አንድ ሰዓት ይቀንሱለት። ጋዝ ካለዎት ሲሊንደሩ እንደማያልቅ ያረጋግጡ።

ጤነኛ፣ ያደገ ዓሣ ለብዙ ቀን ሳይበላ ይቆያል። ብዙ ገንዳ የሚበላሸው በረሃብ ሳይሆን በጎረቤት ደግነት ነው። ያላረባ ሰው ዓሣው ወደ መስታወቱ ሲመጣ ራበው ብሎ ይጨምርለታል፤ የተረፈው ምግብ ይበሰብስና አሞኒያ ይሆናል። ስለዚህ በሁለት ቀን አንዴ የሚሰጠውን መጠን ለየብቻ በወረቀት ጠቅልለው ቀኑን ይጻፉበት። አሥር ጥቅል ይበቃል። ማጣሪያው ድምፁ ቢጠፋ ለማን እንደምትደውል ገንዳው ላይ ይለጥፉላት። የምግቡን ጣሳ ግን ቆልፈውበት ይሂዱ።